ከካሴት እስከ ችሎት፦ የምስል ልክ ታሪክ በፎርት ስኔሊንግና በመንትዮቹ ከተሞች

የቪዲዮ ምስል ልክ አለው። ወርዱ ስንት ነጥብ፣ ቁመቱ ስንት መስመር እንደሚሆን ገና ካሜራው ውስጥ ሳለ ይወሰናል። የሚታይበት ስክሪንም የራሱ ልክ አለው። ሁለቱ ልክ ለልክ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ በመካከል አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ ምስሉን ማስፋት፣ ማጥበብ ወይም መቁረጥ ይኖርበታል። የዚህ ሥራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የቁጥሮች ዝርዝር ሆኖ ይጻፋል፤ ከቁጥሮቹ በላይ የሚያስተምረው ግን ሥራው በየዘመኑ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ መከተል ነው። መጀመሪያ ተመልካቹ ተሸከመው፣ ቀጥሎ ላኪው፤ ዛሬ በአብዛኛው በመሃል ያለ ሰርቨርና በተመልካቹ እጅ ያለ ስልክ ይካፈሉታል። በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ሁሉ ለውጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አልፏል። መነሻውም መድረሻውም ፎርት ስኔሊንግ ላይ ይታያል።

ፎርት ስኔሊንግ የሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዞች በሚገናኙበት፣ የዳኮታ ተወላጆች ብዶቴ በሚሉት ስፍራ ከ1819 ጀምሮ የተሠራ የጦር ምሽግ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምሽጉ ዛሬ የሚጎበኝ ታሪካዊ ቦታ ነው፤ ስሙ ግን ከግንቡ አልፎ ዙሪያውን ያለውን፣ በየትኛውም ከተማ አስተዳደር ሥር ያልገባውን ክልል ሁሉ ይጠቀልላል። የሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈው በዚህ ክልል ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ የሚያስችልበት የጳጳስ ሄንሪ ዊፕል ፌዴራል ሕንፃም እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የሠርግ ካሴት ወደ መንትዮቹ ከተሞች የገባው በዚህ በኩል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የጥገኝነት ጉዳይ በቪዲዮ የሚሰማውም በዚሁ ሆነ።

ካሴቱ የገጠመው ችግር መነሻው መብራት ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኢትዮጵያና የአውሮፓ 50 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶች የመብራቱ ውዝዋዜ በስክሪኑ ላይ የሚንከባለል ጥላ እንዳይፈጥር የምስሉን ፍጥነት ከመብራቱ ጋር አስተሳሰሩት። አሜሪካ በ1941 በሰከንድ 30 ሙሉ ምስል፣ ለእያንዳንዱም 525 መስመር ብላ ደነገገች። አውሮፓ 25 ምስልና 625 መስመር መረጠ። ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ስትጀምር የአውሮፓን መንገድ ተከተለች፤ በ1984 የቀለም ስርጭት ሲመጣም ፓል የተባለውን የጀርመኖች ሥርዓት ያዘች። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ በተባለው ቀጠለች። ከመስመሮቹ ውስጥ ለዓይን የሚታዩት በፓል 576፣ በኤንቲኤስሲ 480 ያህል ናቸው።

በዴክ ዘመን ይህ ልዩነት በእጅ የሚዳሰስ ነበር። አዲስ አበባ የተቀዳ የቪኤችኤስ ካሴት ጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኢ–180 የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ሚኒያፖሊስ ከሱቅ የሚገዛው ቲ–120 ይል ነበር። ሁለቱ ሣጥኖች መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው፤ ውስጣቸው የተጠቀለለው ክርም በሁለቱም 250 ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ያው ክር በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት፣ በሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ይቀዳል፤ የፓል ዴክ ክሩን በሰከንድ 23 ሚሊሜትር ያህል ሲጎትት የኤንቲኤስሲው ከ33 ሚሊሜትር በላይ ስለሚጎትት ነው። ካሴቱ አሜሪካ ውስጥ በተገዛ ዴክ ሲገባ ያለምንም ችግር ይዋጣል፣ ይዞራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የሚንከባለል መስመርና የተበጣጠሰ ጥቁርና ነጭ ጥላ ነው። የእኅቱን ሠርግ ሊያይ ቤተ ዘመድ የሰበሰበ ሰው ካሴቱ መንገድ ላይ የተበላሸ ይመስለው ነበር። ካሴቱ ምንም አልሆነም።

መፍትሔው ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ከተመልካቹ ኪስ የሚወጣ። አንደኛው ካሴቱን ወደ ልወጣ ሱቅ ወስዶ ማስገልበጥ፣ ሌላው መልቲ ሲስተም የሚባለውን ዴክ መግዛት። የልወጣው ጥራት እንደ መሣሪያው ነው። ከ576 ወደ 480 ለመውረድ ርካሹ ማሽን በየስድስቱ መስመር አንዱን ይጥላል፤ ከ25 ወደ 30 ለመድረስ በየሰከንዱ አምስት ምስል ይደግማል። የተቀመጠ ሰው ሲታይ ይህ አያስታውቅም። እስክስታ ሲወርድ ግን ትከሻው በየአምስተኛው ምስል ቆም ብሎ እንደገና ይዘላል። ጥሩዎቹ ማሽኖች ከጎረቤት ምስሎች አዲስ ምስል አስልተው መሃል ያስገቡ ስለነበር ትከሻው ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ግን ይደበዝዛል።

ልብ ሊባል የሚገባው በተቃራኒው አቅጣጫ ችግሩ ቀላል መሆኑ ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ካሴት ብዙ ጊዜ ያለ ልወጣ ይታይ ነበር። በዱባይ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ የነበሩት ዴኮችና ቴሌቪዥኖች ለብዙ አገር ገበያ የተሠሩ ስለነበሩ ሁለቱንም ሥርዓት ያነባሉ። የአሜሪካ ገበያ ግን ለራሱ የሚበቃ ትልቅ ስለሆነ አምራቾቹ ለሌላው ዓለም ካሴት ደንታ አልነበራቸውም። ባለጠጋው አገር አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ዴክ ይዞ፣ ድሃው አገር ሁለቱን የሚያውቅ መሣሪያ ይዞ ዓመታት አለፉ።

በባለሙያዎች ዘንድ እርቅ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1982 ዓለም አቀፉ የሬዲዮ አማካሪ ኮሚቴ የዲጂታል ቴሌቪዥን ደንብ ሲያወጣ በሁለቱም ሥርዓት እያንዳንዱ መስመር 720 ነጥብ እንዲይዝ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በቁመት ብቻ ቀረ፤ 720 በ480 እና 720 በ576። በ1990 በጸደቀው ኤች 261 በተባለው የቪዲዮ ስልክ ደንብ ደግሞ ሌላ ብልሃት መጣ። የጋራ መካከለኛ ቅርጽ የተባለው ይህ ልክ 352 በ288 ነው፤ 288ቱ የፓል 576 እኩሌታ ነው፣ በሰከንድ 30 የሚሆነው የምስል ብዛት ግን ከኤንቲኤስሲ የተወሰደ ነው። አውሮፓዊው በፍጥነት፣ አሜሪካዊው በመስመር ዋጋ ይከፍላል፤ ማንም ሙሉ በሙሉ አያሸንፍም። ከአህጉር አህጉር ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር በዲጂታል የስልክ መስመር የተቻለው በዚህ ስምምነት ነው። ሸክሙም ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመልካቹ ትከሻ ወርዶ በሁለቱ ጫፍ ባሉ መሣሪያዎች ላይ አረፈ።

ይህ የቪዲዮ ስልክ ቴክኖሎጂ ወደ ፍርድ ቤት ለመግባት ብዙ አልቆየም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የማስወጣት ጉዳይ በቪዲዮ እንዲሰማ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ በካውንቲ እስር ቤት ያለ ተጠሪ ወደ ችሎት ሳይጓጓዝ በስክሪን ዳኛ ፊት መቅረብ ጀመረ። የሚኒሶታው ፍርድ ቤት ከሰሜንና ከደቡብ ዳኮታ ግዛቶች የሚመጣውንም ጉዳይ ስለሚያይ፣ ርቀቱ ራሱ ቪዲዮን የሚጋብዝ ነው።

የዲስክ ዘመን ችግሩን በከፊል አቃለለው። ሲዲ ላይ የሚቀዳው ቪሲዲ 352 በ288 ወይም 352 በ240 ስለነበር ምስሉ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ ያለ ልወጣ ይከፈታል። ዲቪዲ ጥራቱን ቢጨምርም የክልል ቁጥር የሚባል አጥር ይዞ መጣ፤ ለአሜሪካ 1፣ ለኢትዮጵያ 5።

በኢንተርኔት ቀጥታ ምስል መላክ ሲጀመር ጥያቄው ከስክሪን ልክ ወደ መስመር ስፋት ዞረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስልክ ሞደም የሚገባው መረጃ በሰከንድ ከ56 ኪሎቢት አይበልጥም ነበር። ሪልፕሌየር የተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ የሚያሳየው ምስል ከክብሪት ቀፎ ብዙ አይበልጥም፤ 176 በ144 ነጥብ የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ የኋላው መንገድ የተቀየሰው ያኔ ነው። የሪልፕሌየር ኩባንያ በ1998 ሹርስትሪም ያለውን ዘዴ ሲያወጣ አንድ ዝግጅት በአንድ ፋይል ውስጥ በተለያየ ክብደት ተዘጋጅቶ ይቀመጥና፣ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ተመልካች መስመር እያየ የሚስማማውን ይልክለታል። አንድ ምስል ለሁሉም መላክ ቀርቶ ለየሰው አቅም መላክ የተጀመረው በዚህ ነው።

የአየር ቴሌቪዥን በበኩሉ ወደ ጠፍጣፋ ስክሪን ሲሻገር አዲስ ግርግር ፈጠረ። የአሜሪካ ዲጂታል ደንብ 18 ዓይነት የምስል ቅርጽ ይፈቅዳል። አናሎግ ስርጭት ሰኔ 12 ቀን 2009 በመላ አገሪቱ በዋና ጣቢያዎች ሲዘጋ፣ በመንትዮቹ ከተሞች ኤቢሲንና ፎክስን የሚያስተላልፉት በ720 መስመር፣ ሲቢኤስንና ኤንቢሲን የሚያስተላልፉት በ1080 መስመር ይሠሩ ነበር። ተመልካቹ ሪሞት ሲጫን የምስሉ ልክ መቀየሩን አያውቅም፤ ቴሌቪዥኑ የመጣለትን ሁሉ ከራሱ ስክሪን ጋር ያስተካክላል። ማስተካከል ያቃተው የምስሉን ቅርጽ ነበር። አሮጌው ቴሌቪዥን 4 በ3፣ አዲሱ 16 በ9 ስለሆነ ከኢትዮጵያ የመጣ የቆየ ፊልም በአዲሱ ላይ ሲከፈት ወይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ወይ የሰው ራስና እግር ይቆረጣል፣ ወይ ፊቱ በጎን ይለጠጣል። በየሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ስክሪኖች ሦስተኛውን መምረጣቸው የታወቀ ነው፤ ጥቁር ጠርዝ ማየት ስክሪን የተገዛበትን ገንዘብ እንደማባከን ስለሚቆጠር ዘፋኙ ሁሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ወፍሮ ይታያል።

በዚህ መሃል የውጭ አገር ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጣቢያዎች ማቋቋም ጀመሩ። ኢሳት በ2010 ስርጭት ጀመረ። በ2014 ደግሞ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሚኒያፖሊስ ላይ ተከፈተ፤ ከተማዋ ከአፍሪካ ውጭ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ ከሚገኝባቸው አንዷ እንደመሆኗ ምርጫው አያስገርምም። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ በሳተላይት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ያንኑ የካሴት ዘመን ጥያቄ ከላኪው ወገን ሆኖ ይጋፈጠዋል። እዚህ የሚሸጠው ካሜራ 30 ምስል ይቀርጻል፤ እዚያ ያለው ሪሲቨር ሁለቱንም ቢቀበልም የአውሮፓ ሳተላይት ጣቢያዎች የሚሠሩት በ25 ነው። ከመነሻው በ25 ልቅረጽ ያለ ባለሙያ ደግሞ የስቱዲዮው መብራት በሰከንድ 60 ስለሚመላለስ የካሜራውን መዝጊያ ካላስተካከለ ምስሉ ይርገበገብበታል። ልወጣው አንድ ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ማሰራጫው ላይ ከተሠራ ግን ለዲሹ ባለቤት የሚቀር ሥራ የለም። ሳተላይት በባሕርዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ይረጫል፤ ጎንደር ያለው ዲሽ የሚቀበለው ሐረር ካለው አይለይም።

ሳተላይት ግን ይታፈናል፣ ይከለከላልም። በጥቅምት 2016 ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ ሁለቱን ጣቢያዎች ማየትን በስም ከልክሏል። ተመልካቹ ወደ ስልኩ አዘነበለ፤ ስልክ ላይ ደግሞ የምስል ልክ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ መልክ አለው።

ስልክን የለወጠው አፕል በ2009 ያወጣው ኤችኤልኤስ የተባለ አሠራር ነው። ከእሱ በፊት የቀጥታ ቪዲዮ ከሰርቨር እስከ ተመልካች ሳይቋረጥ እንደ ቧንቧ ውኃ የሚፈስ ነበር። ኤችኤልኤስ ግን ስርጭቱን አሥር አሥር ሰከንድ፣ በኋላም ስድስት ስድስት ሰከንድ በሚሆኑ ቁራጮች ይከትፈዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ በብዙ ልክ ይዘጋጃል፤ ለምሳሌ በ1080፣ በ720፣ በ360 እና በ240 መስመር። ከቁራጮቹ ጋር የሚሄድ አንድ የጽሑፍ ዝርዝር የቱ ልክ የት እንዳለ ይናገራል። የተመልካቹ ስልክ ዝርዝሩን ያነብና አንዱን ቁራጭ ያወርዳል፤ ለማውረድ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል፤ ፈጣን ከነበረ ቀጣዩን ከፍ ካለው መደዳ፣ ቀርፋፋ ከነበረ ዝቅ ካለው ይወስዳል። ውሳኔው የስልኩ እንጂ የላኪው አይደለም። በ2012 ዳሽ የተባለ ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ደንብ ታተመ፤ ሐሳቡ ያው ነው።

የልዩነቱ ስፋት ቀላል አይደለም። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ሲኖረው፣ 426 በ240 የሆነው መቶ ሺሕ ብቻ ነው፤ ሃያ እጥፍ። በሰከንድ 4500 ኪሎቢት የሚፈጅ የ1080 ስርጭት ለአንድ ሰዓት ሁለት ጊጋባይት ይበላል፤ 400 ኪሎቢት የሚፈጅ የ240 ስርጭት 180 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሚኒያፖሊስ በቤት ዋይፋይ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት ልብ አይለውም። ደሴ በሞባይል ፓኬጅ የሚያይ ሰው ግን በእጁ 240 መርጦ ማየቱ የተለመደ ነው፤ ስልኩ ከፍ ያለውን ልክ ማውረድ ቢችልም ዳታውን መክፈል ያለበት እሱ ነው። የስልኩ ስሌት የመስመሩን ፍጥነት ይለካል፣ የሰውየውን ኪስ አይለካም። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲዘጋ ደግሞ፣ በ2020 ክረምት ለሦስት ሳምንት ያህል እንደሆነው፣ የትኛውም መደዳ አያድንም።

ዝቅ ባለው ልክ የሚያይ ተመልካች መኖሩ ላኪውን አንድ ነገር ያስገድደዋል፤ ብዙዎቹ ግን ዘግይተው ነው የተረዱት። ነገሩ ፊደል ነው። የላቲን ፊደላት በቁመናቸው ይለያያሉ። የግእዝ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በጥቃቅን ቅጥያ ነው፤ ቡ ከቢ የሚለየው ቅጥያዋ ከእግሩ መሃል ወይም ከእግሩ ግርጌ በመውጣቷ ብቻ ነው። በ1080 ስክሪን ታች የሚሮጥ የዜና ጽሑፍ ቁመቱ 40 ነጥብ ቢሆን፣ ያው ጽሑፍ በ240 ልክ ዘጠኝ ነጥብ ላይ ይወርዳል። አምስት ነጥብ ውፍረት የነበራት ቅጥያ አንድ ነጥብ ትሆንና የቪዲዮ መጭመቂያው (የምስሉን መረጃ የሚያሳንሰው ፕሮግራም) እንደ ትርኪ ምርኪ ቆጥሮ ያጠፋታል። ያኔ ቡም ቢም በ ይመስላሉ፤ የሰው ስምና የአገር ስም በግምት ይነበባል። ጽሑፉን ወደ 90 ነጥብ ያሳደገ ጣቢያ በ240 ልክ ሃያ ነጥብ ስለሚተርፈው ቅጥያው ይለያል። የእንግሊዝኛ ጣቢያዎችን ንድፍ እንዳለ የገለበጡ ስርጭቶች፣ ጠባብና ስስ ፊደል በስክሪኑ ታች የደረደሩ፣ በትልቅ ሞኒተር ሲታዩ ያምራሉ፤ ስልክ ላይ አይነበቡም። ይህን ጉድለት ሰርቨርም ሆነ ስልክ አያቃናውም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሥራ ነው።

ፌስቡክ የቀጥታ ስርጭትን በ2016 ለማንኛውም ባለስልክ ሲከፍት፣ መንትዮቹ ከተሞች በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐዘን ያለበት ቦታ ያዙ። ሐምሌ 6 ቀን 2016 ከሴንት ፖል አጠገብ በፋልከን ሃይትስ ፊላንዶ ካስቲል በፖሊስ ሲተኮስበት፣ ቀጥሎ የሆነውን መኪናው ውስጥ የነበረች ወዳጁ በቀጥታ አሰራጨችው፤ ዓለምም አየው። ከዚያ በኋላ ቀጥታ ስርጭት የጣቢያዎች ብቻ ሥራ አልነበረም።

ስልክ ግን የሚያዘው ቀጥ ብሎ ነው። 9 በ16 የሆነ ምስል 16 በ9 በሆነ የሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ከስክሪኑ የሚይዘው 32 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ጥቁር ነው፣ ወይም የራሱ የምስሉ ድብዝዝ ግልባጭ ይሞላዋል። አዲስ አበባ ያለን ለቅሶ በሚኒያፖሊስ ዳርቻ ባለችው ብሩክሊን ፓርክ ከሳሎኑ የሚከታተል ቤተሰብ ይህን ቀጭን መስኮት ያውቀዋል። ከዚህ የሚብሰው ቀራጩ መሃል ላይ ስልኩን አግድም ሲያዞር ነው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች አቅጣጫውን የሚቆልፉት ስርጭቱ ሲጀመር ስለሆነ፣ ድንኳኑና ለቀስተኛው በጎኑ ተኝቶ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል።

የ2020 ወረርሽኝ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈተነው። ሚኒሶታ በመጋቢት መጨረሻ ሕዝቡ ቤቱ እንዲቆይ አዘዘች፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በመንትዮቹ ከተሞች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እንደሌላው ሁሉ ቅዳሴውን በዩቲዩብና በፌስቡክ ማስተላለፍ ያዙ። ለቪዲዮ መጭመቂያ ከኢትዮጵያ ቅዳሴ የሚከብድ ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል። መጭመቂያው የሚቆጥበው ካለፈው ምስል ያልተለወጠውን እየተወ ነው፤ የዕጣን ጢስ ግን መላውን ስክሪን በየቅጽበቱ ይለውጠዋል። በጧፍ ብርሃን የሚታይ ጨለማ ካሜራው ላይ ብናኝ ያበዛል፣ ብናኙም እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። የነጠላው ንጣት በሌላ ወገን ዝርዝሩን ያጣና አንድ ነጭ ክምር ይሆናል። ጸናጽሉ ሲወዛወዝ፣ ከበሮው ሲመታና ሽብሸባው ሲጀመር ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚበታተነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከላኪው የሚጠበቀው ውሳኔ አንድ ነው፤ ብዙዎች ግን በተቃራኒው ይወስኑታል። ዩቲዩብም ሆነ ፌስቡክ ከላኪው የሚቀበሉት አንድ ምስል ነው፤ መደዳዎቹን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ስለዚህ የላኪው ምስል ከተቆራረጠ መደዳው ሁሉ ይቆራረጣል። ወደ ላይ የሚልከው መስመር በሰከንድ ሦስት ሜጋቢት ብቻ ለሆነ ቤተ ክርስቲያን 1080 መላክ ጢሱ በተነሣ ቁጥር ምስሉን መስበር ነው፤ 720 ወይም ከዚያም በታች አድርጎ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ከፍ ያለ ቁጥር መላክ ክብር የሚመስላቸው ቴክኒሻኖች ይህን የሚቀበሉት ስንት ቅዳሴ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ቁራጭ እየከተፉ የመላኩ አሠራር ሌላም ዋጋ አለው። ስልኩ እንዳይቆራረጥበት ሦስት ያህል ቁራጭ አጠራቅሞ ስለሚነሣ፣ ተመልካቹ ከእውነተኛው ጊዜ ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ቤት ያለው ምእመን የሚመልሰው ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው። ለቅዳሴ ሲሆን ይህን መዘግየት ይታገሡታል፤ ለችሎት ግን አይሆንም።

ፎርት ስኔሊንግ ያለው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ከወረርሽኙ ወዲህ ብዙ ቀጠሮዎችን ዌቤክስ በተባለ የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ መስማት ጀመረ። ጠያቂና መላሽ ስላለ መዘግየቱ ከሰከንድ ክፍልፋይ እንዳያልፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቁራጭ የለም፣ ማጠራቀምም የለም። የእንዲህ ዓይነት ስብሰባ አሠራር ሌላ ነው። የተጠሪው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ራሱ ምስሉን በሁለት ወይም በሦስት ልክ አዘጋጅቶ ይልካል፤ በ180፣ በ360 እና መስመሩ ከቻለ በ720። ሰርቨሩ ምንም አይለውጥም፤ ለየአንዳንዱ ተሳታፊ የሚስማማውን መርጦ ያስተላልፋል። ዳኛው ተጠሪውን በትልቁ ከፍተው ከሆነ ትልቁ ይደርሳቸዋል፤ የመንግሥቱ ጠበቃ ሁሉንም በትንንሽ መስኮት ደርድረው ከሆነ ትንሹ። የተጠሪው መስመር ሲደክም መጀመሪያ የሚጣለው ትልቁ ምስል ነው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፤ ድምፅ ከሁሉም በፊት ይጠበቃል።

ድምፅ መቅደሙ ለአስተርጓሚው በጎ ነው።  ለዳኛው ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም። በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለ ሕግ የተጠሪውን ታማኝነት ለመመዘን ከሚያስችሉት ነገሮች መካከል ሁኔታውንና አኳኋኑን በስም ይጠቅሳል። ምስሉ ወደ 180 መስመር ከወረደና ፊቱ ከመስኮቱ አንድ ሦስተኛ ከያዘ፣ ፊቱ በሙሉ 60 መስመር ነው። በዚህ ልክ እንባ አይታይም፣ የዓይን አቅጣጫ አይለይም፤ ምስሉ ለአፍታ ሲቆም መልስ የዘገየ ሰው ያመነታ ይመስላል። ስልኩን መኪና ውስጥ ይዞ ችሎት የቀረበ ተጠሪና ጠበቃው ቢሮ በገመድ በተያያዘ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ተጠሪ በሕግ እኩል ናቸው፤ በስክሪን ላይ ግን እኩል አይታዩም።

በ2021 ጸደይ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ የሄነፒን ካውንቲ ፍርድ ቤት በግድያ የተከሰሰውን የቀድሞ ፖሊስ የዴሪክ ሾቪንን ክስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካሜራ እንዲተላለፍ ፈቅዶ ነበር፤ በሚኒሶታ የፍርድ ቤት ታሪክ ያን ያህል የተከፈተ ችሎት ከዚያ በፊት አልነበረም። ስርጭቱ በባለሙያ ካሜራ ተቀርጾ በሁሉም ልክ ለዓለም ተበትኗል። በፎርት ስኔሊንግ ያለው ችሎት ደግሞ ተቀርጾ እንዲወጣ አይፈቀድም፤ ቪዲዮው ከተሳታፊዎቹ ስክሪን አያልፍም።

በፎርት ስኔሊንጉ ችሎት ላይ ከሰው ፊት ይልቅ ያስቸገረው ወረቀት ነበር። መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በአማርኛ ማኅተም የታተመበት የእስር ወረቀት ካሜራ ፊት ሲነሣ፣ በ360 ልክ የሚታየው ሰማያዊ ክብና የማይነበብ ግራጫ መስመር ነው። ለፊት የተመረጠው የመጭመቂያ ሚዛን እንቅስቃሴን ለማለስለስ ጥቃቅን መስመርን ይሠዋል፤ ማኅተም ደግሞ ሁለመናው ጥቃቅን መስመር ነው። ለዚህ መፍትሔ የመጣው ከቪዲዮው ውጭ ነው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ጠበቆችና መንግሥት ሰነዶቻቸውን በፍርድ ቤቱ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲያስገቡ ተደነገገ። ሰነዱ በስካነር በሙሉ ልኩ ተነሥቶ ከቀጠሮው በፊት መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ ዳኛው በሌላ መስኮት ከፍተው እንዳስፈለጋቸው ያሰፉታል። ጠበቃ የሌላቸው ተጠሪዎች ግን በግዴታው አልተካተቱም፤ ወረቀታቸውን በፖስታ ወይም በእጃቸው ዊፕል ሕንፃ ወስደው ያስገቡ ነበር።